«እጄ አልታዘዝ አለኝ»

«ዕድሜዬ 24፣ ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል ነው። ቅዳሜ ማታ ሞቅ ብሎኝ ገባሁና ቀኝ ክንዴን የወንበር መደገፊያ ላይ እንዳንጠለጠልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስነሳ እጄ ከአንጓው ጀምሮ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይኸው አምስት ቀኔ፤ ይህንንም የጻፈችልኝ እህቴ ናት። ወጌሻው ‹ጅማትህ ዞሯል፣ በኃይል መታሸት አለበት› ይለኛል። ሽባ ሆኜ ልቀር ነው?»

ወንድማችን፣ አይዞህ። ደብዳቤህን ስናየው ጅማት የዞረ አይመስለንም፤ የተጨፈለቀው ነርቭ ነው። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያስር ገመድ ነው። ነርቭ ደግሞ መልእክት አድራሽ ነው።

የነርቭ ሴል መልእክት የሚቀበሉ ቅርንጫፎች ያሉት አካልና አንድ ረዥም ጭራ አለው። እጅህን ቀና የሚያደርጉልህ ሴሎች አካላቸው ያለው አንገትህ ውስጥ፣ ሕብለ ሰረሰርህ ላይ ነው። ጭራቸው ግን በብብትህ በኩል አልፎ፣ የላይኛውን የክንድ አጥንት ከኋላ ተጠምጥሞ ይወርዳል። በዓይን የማይታይ ነገር ይህን ያህል መርዘሙ አይገርምም?

ጭራው ማይሊን በሚባል የስብ ልባስ ተጠቅልሏል። መልእክቱ ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚፈጠረው ግን ሶዲየም ወደ ሴሉ ሲገባና ፖታሲየም ሲወጣ ነው። ልባሱ ላይ ባሉት ክፍተቶች እየዘለለ፣ በፈጣኖቹ ነርቮች በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ይበራል። ጡንቻው ዘንድ ሲደርስ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይረጫል፤ ያኔ ጡንቻው ይኮማተራል።

ሌላ ጊዜ ክንድህ ሲደነዝዝ ነቅተህ ትገላበጥ ነበር። ያን ለት መጠጡ አላስነቃህም። አጥንቱ ላይ የተጠመጠመው ነርቭ ለሰዓታት ተጨፍልቆ ልባሱ ተጎዳ፤ መልእክቱም እዚያው ላይ ይቆማል። ፈረንጆች «የቅዳሜ ማታ ሽባነት» ይሉታል፤ ሳትነግራቸው ቀኑን አወቁት!

የተጎዳው ልባሱ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይመለሳል። ጭራው ራሱ ከተበጠሰ ግን መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሐኪም ይለይልህ፤ ነገ ዛሬ አትበል። ጠበሉን አንከለክልህም፣ የወጌሻውን እሽት ግን ተው፤ የተጨፈለቀን ነርቭ መልሶ መጨፍለቅ ነው። ሐኪሙ አንጓህን ቀና አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ሊያስርልህ ይችላል። አንተም ጣቶችህን በግራ እጅህ እየዘረጋህ አንቀሳቅሳቸው፣ እንዳይደርቁ።

አፍህ ከተጣመመ፣ እግርህ ከሰነፈ ወይም አንደበትህ ከተሳሰረ ግን ጉዳዩ የአንጎል ሊሆን ስለሚችል በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ሂድ።

እስከዚያው ደንበኞችህን ለባልደረባህ አስረክብ። በግራ እጅህ ምላጭ እንዳትሞክርባቸው አደራ!