ምትሃት እንጂ አስማት አይደለም

በዶርም ሕይወት ካርታ እንግዳ ነገር አይደለም። ክሬዚ አለ፣ ኮንከር አለ፤ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪም ይጫወቱታል። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ግን በዚያው ካርታ ስለሚሠራ ሌላ ነገር ነው። ተመልካቹ አንድ ካርታ ይመርጣል፣ አይቶ ይመልሰዋል፣ ካርታው ይበወዛል፤ ከዚያ የተመረጠው ካርታ ባልታሰበ ቦታ ይገኛል። ይህን የሚያደርገውን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው እንኳ ገና አልተስማማንም። አንዱ «አስማተኛ» ይለዋል፣ ሌላው «ምትሃተኛ»፣ ሦስተኛው «ማጂሺያን» ብሎ ይገላገላል።

የስሙ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። «አስማት» በግዕዝ «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። የዛሬው ትርጉሙ የመጣው ኃይል አላቸው ተብለው ከሚደገሙና ከሚጻፉ ስውር ስሞች ነው። ምትሃት ግን ለዓይን ያለ የሚመስል፣ በእውን ግን የሌለ ነገር ነው። የካርታ ሰው ሥራ ይኸኛው ነው። እኔ በበኩሌ የካርታ ምትሃት መማር ለተማሪ፣ በተለይ ለእኛ ለሥነ ልቦና ተማሪዎች፣ ይጠቅማል እላለሁ። የሚማረው ሰው ግን አንድ ግዴታ አለበት፤ ተመልካቹ «አስማት አየሁ» ብሎ እንዲሄድ መፍቀድ የለበትም።

እስቲ ከመማሩ እንጀምር። ዛሬ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የካርታ ትምህርት እንደ ጉድ ነው። ብዙ ጀማሪ በአንድ ሳምንት ሃያ ሠላሳ ትሪክ ያያል፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን አንዱም አይሆንለትም። ምስጢሩን ማወቅና ሥራውን መቻል ለየቅል ናቸውና። ምስጢሩማ ብዙውን ጊዜ ሲነገር «ይሄው ነው እንዴ?» የሚያሰኝ ነው። ለምሳሌ ብዙ ሰው የሚያውቀውን የ21 ካርታ ጨዋታ እንውሰድ። 21ዱ ካርታ በሦስት ረድፍ ላይ ተራ በተራ ይታደላል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ሰባት ይደርሰዋል። ተመልካቹ በልቡ የያዘው ካርታ የትኛው ረድፍ ውስጥ እንዳለ ይናገራል። ያ ረድፍ ከሌሎቹ ሁለት መሃል ገብቶ ካርታው ይሰበሰባል። ይህ ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ካርታው ሲቆጠር 11ኛው ላይ ይገኛል። ተአምር የለውም፤ ከ21 ወደ 7፣ ከ7 ቢበዛ ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 1 መውረድ ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። ሦስት ጊዜ ካርታ ስታድሉ ሰውየው እንዳይሰለች ምን ትነግሩታላችሁ? መቼ ዓይኑን ታያላችሁ? መቼ ዝም ትላላችሁ? ይህ በቪዲዮ አይገኝም። ካርታ ይዤ መለማመድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ብዙውን ጊዜዬን የበላው ከጣት ይልቅ ወሬው ነው። ለጀማሪ ምክር ስጥ ብባል ሦስት ትሪክ ያዝ፣ ሌላውን ተወው፣ ሦስቱን ደግሞ በእንቅልፍህም ቢሆን እስክትሠራቸው ተለማመድ እላለሁ።

ሌላው ማረም የምፈልገው «እጅህ ፈጣን ነው» የሚለውን አባባል ነው። ቆይ፣ ነገሩ ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ረኔ ላቫንድን ምን እንለዋለን? አርጀንቲናዊው ላቫንድ (እ.ኤ.አ. 1928–2015) በዘጠኝ ዓመቱ በመኪና አደጋ ቀኝ እጁን አጥቷል። በቀረችው ግራ እጁ ብቻ፣ ያውም ሆን ብሎ በዝግታ እየሠራ፣ በዓለም የታወቀ የካርታ ሰው ለመሆን በቅቷል። የሚያሸንፈው ፍጥነት ሳይሆን የተመልካቹ ትኩረት ያለበት ቦታ ነው። ይህን ደግሞ በክፍል ውስጥ ተምረነዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይመንስና ቻብሪስ ያሳተሙትን ጥናት አስታውሱ። ተሳታፊዎች በቪዲዮ ላይ የኳስ ቅብብል እንዲቆጥሩ ታዘዙ፤ በመሃል ጎሪላ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ዓይናቸው ክፍት ነበር፤ ልባቸው ግን ቆጠራው ላይ ነበር። ይህን በስላይድ ማየትና በገዛ እጅ በጓደኛ ላይ መሞከር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ችሎታ ባለቤቱን አይመርጥም። በካርታ ሰዎች ዘንድ ትልቅ ቦታ ያለው የኤርድኔዝ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1902 ቺካጎ ውስጥ ሲታተም የመጀመሪያ ክፍሉ የቁማር ማጭበርበር ዘዴ ነበር፤ የምትሃቱ ክፍል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የደራሲው እውነተኛ ማንነት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ካናዳዊው ዳይ ቨርነን ይህንን መጽሐፍ ከልጅነቱ ጀምሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1922 ታላቁን ሁዲኒን ያስደነቀ ሰው ሆነ። ሁዲኒ ማንኛውንም ትሪክ ሦስት ጊዜ ካሳያችሁኝ እደርስበታለሁ ባይ ነበር፤ ቨርነን ያንኑ የካርታ ትሪክ ደጋግሞ ቢያሳየውም ሊደርስበት አልቻለም። መጽሐፉ አንድ ነው፣ ጣቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ተመልካቹ ምን ተነግሮት እንደተቀመጠ ነው።

በእኛም ከተማ በገበያና በመናኸሪያ አካባቢ በሦስት ካርታ የሚያጫውቱትን ያላየ ጥቂት ነው። ዘዴያቸው የምትሃተኛው ዘዴ ነው፤ ግን ሰውየው ቤቱ የሚገባው ኪሱ ባዶ ሆኖ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ተታላዩ ለነገሩ የሚሰጠው ስም ነው። «አፍዝ አደንግዝ አድርገውብኝ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ምን እንዳታለለው አይመረምርም፣ ለሌላውም አያስጠነቅቅም፤ መንፈስን ማን ይከሳል? አፍዝ አደንግዝ ከሚባለው ብዙው፣ በእኔ እምነት፣ ትኩረትን መስረቅና እምነትን መግዛት ነው። ይህን ለሰው ለማስረዳት ከካርታ ምትሃት የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ለምን ይህን ያህል ከረር እንዳልኩ ላስረዳ። ባለፈው ሴሚስተር ዶርም ውስጥ ትሪክ ካሳየሁ በኋላ አንድ ተመራቂ ተማሪ ሌላው ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ወደ እኔ መጣ። «በናትህ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፍ እንደሆነ በካርታው እይልኝ» አለኝ። ሳቅ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ሳቅ አልነበረም። መቶ ብርም አውጥቶ ይዟል። የእጅ ልምምድ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለው ነገርኩት። አላመነኝም። «መናገር ስለማትችል ነው» ብሎኝ ሄደ። መቶ ብሩን ተቀብዬ «ታልፋለህ» ብለው ኖሮ በደስታ ይሄድ ነበር። ቀጥሎስ? ቢያልፍ ለእኅቱ ይነግራታል፤ ባያልፍ ደግሞ ለማጥናት ይጠቅመው የነበረውን ጊዜ በእኔ ቃል ላይ ተኝቶ አሳልፎታል ማለት ነው። ጠንቋይ እንዲህ ነው የሚፈጠረው፤ አንዳንዴ ራሱ ሳይፈልግ፣ ሰው ፈልጎት።

«ምስጢሩን ካልነገርክ አንተስ ያው አታላይ አይደለህም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የቴአትር ተዋናይ መድረክ ላይ ሲሞት ፖሊስ አንጠራም፤ ቴአትር መሆኑን አውቀን ስለገባን ነው። የካርታ ሰውም እንዴት እንደሠራው መደበቅ ይችላል፤ ምን እንደሆነ ግን መደበቅ የለበትም። «ይህ የጣትና የወሬ ሥራ ነው፣ ከቻላችሁ ያዙኝ» ብሎ መጀመር ደስታውን ይቀንሳል የሚሉም አሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ሰው እንደሚታለል ሲነገረው ይበልጥ ያፈጣል፤ አፍጥጦም ሲያመልጠው ከልቡ ይስቃል።

ይህ አዲስ ሐሳብም አይደለም። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 ባሳተመው መጽሐፍ የካርታና የሳንቲም ትሪኮች እንዴት እንደሚሠሩ ያስረዳው ሰዎች በጥንቆላ ስም መገደላቸውን ለመቃወም ነበር። ያኔ የትሪክን ምንነት ማወቅ የሰው ነፍስ ጉዳይ ነበር። ዛሬ በእኛ ዘንድ ቢያንስ የመቶ ብርና የተማሪ ተስፋ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የትኩረትና የማስታወስ ችሎታ ምዕራፍ ሲደርስ አንድ ክፍለ ጊዜ ለካርታ ምትሃት ይሰጠን። የሚያስፈልገው አንድ ፓኬት ካርታና አንድ ጠረጴዛ ነው። ተማሪው ይታለል፣ እንዴት እንደተታለለ ራሱ ይመርምር፣ ያገኘውንም ጽፎ ያስረክብ። ካርታ የምትለማመዱ ጓደኞቼም፣ ትሪካችሁ ባማረ ቁጥር ሰውየው ከመሄዱ በፊት «እጄ ነው» ማለትን አትርሱ።