ያልተመለሰው ሁሉ ድኗል

የእግር ኳስ ስርጭት የሚያዳምጥ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ተጫዋች ወድቆ ሲንከባለል ጋዜጠኛው «ወጌሻው ወደ ሜዳ እየገባ ነው» ይላል። የሚገባው ሰው ፊዚዮቴራፒ የተማረ ሊሆን ይችላል፤ ሬዲዮው ግን ወጌሻ ነው የሚለው። እዚህ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ወጌሻ ማለት ቅቤ ቀብተው የሚያሹ፣ የተሰበረውን በቀርከሃ የሚያስሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን አያናድደኝም። የሚያናድደኝ በአንድ ሚዛን አለመመዘናችን ነው።

ነገሩን ያመጣው የጎረቤቴ መንጋጋ ነው። ጥልፍ ትጠልፋለች። ለጥምቀትና ለፋሲካ ሽሮ ሜዳ በቀሚስ ገዢ ሲጨናነቅ እሷ አንገቷን ደፍታ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ክር የምትቆርጠው በጥርሷ ነው፤ ትእዛዝ ሲደራረብባት ደግሞ ሳይታወቃት ጥርሷን ግጥም አድርጋ ትነክሳለች። መጀመሪያ ስታዛጋ ከጆሮዋ ፊት ያለው መገጣጠሚያ ቀጭ ይል ጀመር፤ ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት አፏ አልከፈት አላት። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ አንድ መንጋጋ ጥርስ ተነቀለላት። ሕመሙ ሲብስ ሁለተኛው ተነቀለ። ሁለቱም ጤነኛ እንደነበሩ የሰማችው ዘግይታ ነው። ከዚያ ወደ ወጌሻ።

ወጌሻው ዳሰስ አድርገው «ወልቋል» አሏት። ጥርስ ሐኪሙ የሚያውቀው ጥርስ ስለሆነ ጥርስ አየ፤ ወጌሻው የሚያውቁት ስብራት፣ ውልቃትና ወለምታ ስለሆነ ውልቃት አዩ። የወለቀ መንጋጋ ግን አፍን እንደ ተከፈተ ያስቀራል እንጂ ስምንት ወር እንጀራ እየተበላበት አይቆይም። ሦስት ጊዜ አሿት። ሁለት ሳምንት ቀለል አላትና ተመለሰባት፤ ወደ እርሳቸው ግን አልተመለሰችም፤ አፈረች።

እኔ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከድሃ አይቀበሉም፣ እሑድም በራቸው ክፍት ነው።

«አባባ፣ አሽተውት ያልዳነልዎት ሰው ገጥሞዎት ያውቃል?»

«ያልዳነ ቢኖር ተመልሶ ይመጣ አልነበር?»

የባህል ሕክምናችን ሒሳብ ሁሉ እዚህች መልስ ውስጥ አለ። ያልተመለሰው ሁሉ ድኗል። እንጦጦ ጸበል የሄደው፣ ሆስፒታል የሄደው፣ ተስፋ ቆርጦ ሾርባ እየጠጣ ቤቱ የተቀመጠው፣ ሁሉም በዳኑት ተራ ተቆጥሯል። የቆየ የመንጋጋ ሕመም ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሒሳብ ይመቻል፤ ይብሳል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይነሣል። ሰው መፍትሔ ፍለጋ የሚወጣው በጠናበት ቀን ነው፤ ከጠናበት ቀን ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ትንሽ የተሻለ ቀን ነው። በመካከሉ እጁን ያሳረፈ ይመሰገናል። ዳይክሎፌናክ የወጋም በዚሁ መንገድ ይመሰገናል፤ አድልዎ የለበትም።

ሽማግሌውን ለመውቀስ ግን አልተነሣሁም። ጠቤ በየስብሰባው «እንደ ቻይናና እንደ ኮሪያ ባህላዊ ሕክምናችንን እናሳድግ» ከሚለው ተናጋሪ ጋር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ካለ ስብሰባ አያውቅም ማለት ነው። ከተናጋሪው አፍ የማይወጣው ኮሪያ ምን እንዳደረገች ነው።

ጃፓን ኮሪያን በገዛችበት ዘመን፣ በ1913 እ.ኤ.አ.፣ የአገሬውን ባህላዊ ሐኪሞች ከሐኪምነት ማዕረግ አውርዳ ከተማሪ የማይሻል ስም ሰጠቻቸው። ነጻነት ሲመጣ ኮሪያውያን በቁጭት ብቻ አልቀሩም። በ1951 እ.ኤ.አ.፣ የኮሪያ ጦርነት ሳያልቅ፣ ባህላዊ ሐኪሙን ከዘመናዊው ጎን ያቆመ የሕክምና ሕግ አወጡ። በዚያው ዓመት በግንቦት ነው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ የወረደው። የእኛ ልጆች አገሪቱን ለማዳን ሲተኩሱ ያቺ አገር ባህላዊ ሐኪሟን በሕግ ታስር ነበር። ማሰር ያልኩት አውቄ ነው። ዛሬ እዚያ ባህላዊ ሐኪም ለመሆን ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። አኩፓንክቸር የሚባለው የመርፌ ሕክምና ከ1987 እ.ኤ.አ.፣ «ቹና» የሚሉት በእጅ የሚሰጥ የአጥንትና የጡንቻ ሕክምና ደግሞ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጤና መድን ይሸፈናሉ። ቹና ግን ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት 20 ጊዜ ብቻ ነው። ከፋይ ካለ ቆጣሪ አለ። ጠቡም አልቆመም፤ ባህላዊ ሐኪም አልትራሳውንድ ይጠቀም አይጠቀም የሚለው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወንጀል አይደለም ተብሎ ተፈርዷል። «እንደ ኮሪያ» ማለት ይህ ነው፤ ፈተና፣ መዝገብ፣ ገደብ፣ ክስ። ተናጋሪያችን ክብሩን ፈልጎ ሒሳቡን ዘሎታል።

እኛም መሥሪያ ቤት አላጣንም። የባህል መድኃኒት ማስተባበሪያ ቢሮ በጤና ጥበቃ ሥር የተቋቋመው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። እዚሁ ጉለሌ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ለዓመታት የባህል መድኃኒት ተመራማሪዎች ነበሩት። የሚጠናው ግን ቅጠል ነው። ቅጠል ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ብልቃጥ ይገባል። የወጌሻ እጅ ብልቃጥ አይገባምና ማንም አልጠየቀውም።

የሚገርመው ሊጠየቅ የሚገባው ያ እጅ መሆኑ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ቢኤምጄ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። በጽኑ ከመከራቸው መካከል የሠለጠነ ሰው መንጋጋውን በእጁ ማንቀሳቀሱ፣ የቋጠረውን ጡንቻ ተጭኖ ማፍታታቱ፣ የመንጋጋና የአቀማመጥ እንቅስቃሴ፣ ልማድንና ሐሳብን የሚያርም የሥነ ልቦና ምክር ይገኛሉ። አኩፓንክቸር ዝቅ ባለ እርግጠኝነት ነው የገባው፤ ቢሞከር ይበጅ ይሆናል ዓይነት። በመገጣጠሚያው መካከል ያለውን ልም አጥንት ቆርጦ ማውጣትን ደግሞ በጽኑ ከልክሏል። እንግዲህ ኮሪያ የምትኮራበት መርፌ ራሱ ከተራ እንቅስቃሴ በታች ተቀምጧል፤ ይህንን ለማወቅ የተቻለውም መርፌው ለመመዘን ፈቃደኛ ስለሆነ ነው።

«ፊዚዮቴራፒስት የት አለና?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስመርቃል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ከመቶ የቀሚስ ሱቅ መካከል አንድም የፊዚዮቴራፒ በር አላየሁም፤ የሆስፒታሉ ወረፋም ወጌሻ ቤት ያስመኛል። ይሁንና ከሕክምናው አብዛኛው እቤት የሚሠራ ነው። ከንፈር ገጥሞ ጥርስን ማለያየት፣ ምላስን ላንቃ ላይ ማሳረፍ፣ ቆሎና ማስቲካ ለጊዜው መተው፣ ሲያዛጉ አገጭን በእጅ መደገፍ። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ጎረቤቴን በሁለት ጥርስ ያስቀጣት የማሽን እጦት አይደለም።

በመጨረሻ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ገባች። ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅ ከሁሉ አስቀድማ ማስመሪያ አውጥታ የአፏን መከፈት ለካችና ካርዱ ላይ ጻፈች፤ 24 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በፊት አንድም ሰው ምንም አልጻፈላትም። በስድስተኛው ሳምንት 37 ሆነ። በራሱ ጊዜ ይሻለው ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ባይጻፍ ግን ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃትም። መቀስ በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ክር በጥርስ መቁረጥ ቀርቷል።

ባለፈው ሳምንት ወጌሻውን መንገድ ላይ አግኝታ ነገረቻቸው። ጤነኛ አፍ ሦስት ጣት አቁሞ ያስገባል መባሉን ሲሰሙ፣ እዚያው ጨርቅ ሻጮቹ ፊት የራሳቸውን ሦስት ጣት ሞከሩት።

«ሁለት ተኩል ነው፤ ያቺ ልጅ ምን አድርጊ ነበር ያለችሽ?» አሏት።