ልጅ የአባት ምኞት ዕዳ ከፋይ ነውን?

«እኔ ያላገኘሁትን ልጄ ያግኝ» ሲባል ለጆሮ ያምራል። እኔ ግን ተቃዋሚው ነኝ።

ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ ስንቱ ሕፃን ነው ፊደል ሳይቆጥር በዘመድ እጅ ሽሮ ሜዳ ተወስዶ፣ እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ከትቶ መወርወሪያ ሲወረውር ያደገው! ግፍ ነው፤ ማንም አይክደውም። ታዲያ ያ ሕፃን ዛሬ አባት ሆኖ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ላይ ቤት ቀልሶ ምን ያደርጋል? ልጁን ገና ጥርሱ ሳይነቀል «ዶክተር» ብሎ ይጠራዋል። ኳስ ክልክል፣ ሥዕል ክልክል፤ ልብ ወለድ ሲያነብ ካገኘውማ አለቀለት! «እኔ በአንተ ዕድሜ...» ይጀመራል። እንዴ! የበደሉት ሌሎች፣ የተበደለው አባት፣ ከፋዩ ልጅ?

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በየቤቱ የተሾሙት «ዶክተሮች» የት ገቡ? አባት ትምህርቱን ዳግመኛ የተቀማ ያህል ያለቅሳል። ልጁ ግን ለራሱ ማልቀሻ ጊዜ የለውም፤ የአባቱን ሐዘን ማስታመም አለበታ!

«ድሃ ምን ምርጫ አለው?» የሚል ወገን ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ሥዕል እንጀራ አይሆንም ብሎ መፍራት ሞኝነት አይደለም። እንግዲያው ፍርሃቱን ፍርሃት ብሎ ይንገረው እንጂ «ለአንተው ብዬ ነው» አይበለው። ያኔ እሱን ከደጋው ይዞት የሄደው ዘመድስ ያለው ይኸንኑ አልነበረም እንዴ?