የአማና ወጥ ቤቶች በፎቶግራፍ ሲታዩ

በአሜሪካ የአዮዋ ወንዝ በሚያጠጣው ሰፊ ሸለቆ ውስጥ፣ ከጀርመን የፈለሱ ምእመናን ከ1855 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሰባት መንደሮች ቈርቍረው፣ እርሻውንም ወፍጮውንም የሱፍ ፋብሪካውንም ማዕዱንም በአንድነት ይዘው፣ እስከ 1932 ድረስ ያለ ደመወዝና ያለ ኪራይ እንደ ኖሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አስፍተው ተርከዋል። ትረካቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማኅበሩን ከመራው ከሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ከሥርዓተ ማኅበሩ ሰነድና ከሃይማኖቱ ክርክር ስለሚነሣ፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ በየቀኑ ያበላው ማን እንደ ነበረ በመጨረሻው ምዕራፍ ወይም በግርጌ ማስታወሻ ብቻ የሚነገር ነገር ሆኖ ቀርቷል። በእኔ አስተያየት ይህን ጉድለት የሚሞላው ከመጻሕፍቱ ይልቅ ከዚያ ዘመን የተረፈው ፎቶግራፍ ነው፤ የማኅበረ አማናን ታሪክ ሊጽፍም ሆነ ሊያስተምር የሚነሣ ሰውም ከሥዕሎቹ፣ ከሥዕሎቹም ውስጥ ከወጥ ቤቶቹ ቢጀምር ይበጀዋል እላለሁ።

የማኅበሩ ጥንተ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በ1714 በጀርመን፣ በሄሰን ምድር ኤበርሃርድ ሉድቪግ ግሩበር የተባለ የቀድሞ የሉተራን ቄስና ዮሐን ፍሬድሪክ ሮክ የተባለ ኮርቻ ሠሪ፣ መንፈስ ቅዱስ በነቢያት ዘመን እንደ ተናገረ ዛሬም በመረጣቸው ሰዎች አንደበት ይናገራል ብለው ተነሡ፤ ተከታዮቻቸውም መሐላንና የጦር አገልግሎትን እንቢ በማለታቸው መከራ ጸናባቸው። በ1840ዎቹ ክርስቲያን ሜትዝ የተባለ አናጢ፣ በመንፈስ ይናገራል ተብሎ የሚታመንበት መሪያቸው፣ ውቅያኖስ አሻግሮ በቡፋሎ ከተማ አጠገብ አቤንኤዘር ብለው በሰየሙት ስፍራ አሰፈራቸው፤ ንብረትን በአንድነት መያዝም በዚያ ጸና። ከዚያም የከተማው መቃረብና የመሬቱ ጥበት ቢያሳስባቸው ወደ ምዕራብ ተጕዘው በአዮዋ ወደ 26,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት ገዙና፣ ስሙን ከመኃልየ መኃልይ ወስደው አማና አሉት። ገዳማውያን አልነበሩም፤ ያገቡ ነበር፣ ይወልዱም ነበር፣ ነገር ግን በሳምንት ዐሥራ አንድ ጊዜ ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ፎቶግራፍን አልወደዱትም። የሰው መልክ በወረቀት ተቀርጾ መኖሩ የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለውን ትእዛዝ የሚነካ፣ ሰውንም ወደ ከንቱ ውዳሴ የሚስብ መስሎ ታያቸው። ይህን ፍርሃት እንደ ኋላ ቀርነት ቈጥረው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን እንዲህ ቀላል አድርጌ ላየው አልችልም። ወደ መካነ መቃብራቸው የገባ ሰው እንደሚያየው፣ ሙታኑ በቤተ ሰብ ሳይለዩ፣ ሽማግሌውም ተራው ሠራተኛም በሞቱበት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ያረፉ ናቸው፤ በላያቸው የቆመው ድንጋይም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። በሞት እንኳ ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ መታየትን ያልፈቀደ ሕዝብ፣ በሕይወቱ ሳለ መልኩን በክፈፍ አስገብቶ በግድግዳ ላይ ለመስቀል ቢያመነታ የሃሳቡን ሥር ጠብቆ መሄዱ ነው።

ሆኖም ሥዕሎቹ ተነሥተዋል። በ1890ዎቹ በአቅራቢያው ካለችው ከአዮዋ ከተማ በርታ ሆራክ የምትባል ወጣት ካሜራዋን ይዛ ወደ መንደሮቹ ትመላለስ ነበር፤ ኋላም የታሪክ ሊቁን ቤንጃሚን ሻምባውን አግብታ በ1908 ስለ ማኅበሩ የታወቀውን መጽሐፏን አሳተመች። ቀስ በቀስም ከማኅበሩ አባላት መካከል ራሳቸው ካሜራ የያዙ ሰዎች ተነሡና፣ ክልከላው በቃል እየጸና በተግባር ላላ።

በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ምን ይታያል? የዘመኑ የመስታወት ነጌቲቭ ብዙ ብርሃን የሚሻ ስለ ነበር ብዙዎቹ የተነሡት በደጅ ነው፤ ደጅ ደግሞ የሴቶቹ የሥራ ቦታ ነበር። ጥቁር ወይም ደማቅ ያልሆነ ቀሚስ የለበሱ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ፀሐይ የሚከልል የጨርቅ ቆብ የደፉ ሴቶች በአትክልቱ መደብ መካከል አጎንብሰው ይታያሉ፤ አለዚያም በቤቱ ግድግዳ ላይ በእንጨት ተደግፎ በወጣው የወይን ሐረግ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጎድጓዳ ዕቃ በጭናቸው ይዘው ለእራት የሚሆነውን አትክልት ያሰናዳሉ። ፊታቸውን ወደ ካሜራው ያዞሩ አሉ፤ እጃቸው ግን ሥራውን አልለቀቀም። ይህን እጅ አተኵሮ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም የማኅበሩ አንድነት የቆመው በዚህ ግብረ እድ ላይ ነበር።

ነገሩም እንዲህ ነው። በአማና መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ወጥ ቤት የሚባል ክፍል አልነበረም። በሰባቱ መንደሮች ከሃምሳ የሚበልጡ የጋራ ወጥ ቤቶች ተሠርተው፣ እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 40 የሚደርስ ሰው ይመግቡ ነበር፤ ወንዶች በአንድ ገበታ፣ ሴቶች በሌላው ተቀምጠው፣ ከመብል በፊትና በኋላ ጸሎተ ማዕድ ተደርሶ፣ ያለ ወሬ ፈጥነው በልተው ይነሡ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ከሚቀርበው ዋና ምግብ በቀር፣ ረፋድ ላይና ከቀትር በኋላ ለሠራተኞቹ የሚሆን መክሰስ ይዘጋጅ ስለ ነበር፣ ምድጃው በቀን አምስት ጊዜ ይታይ ነበር ማለት ነው። እያንዳንዱ ወጥ ቤት የራሱ ሰፊ የአትክልት ቦታ ነበረው፤ ድንቹ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሽንኩርቱ ከዚያ ተነቅሎ፣ ታጥቦ፣ ለክረምት ተከማችቶ የሚቀመጠው በሴቶች ጕልበት ነው። ልጃገረዶች በዐሥራ አራት ዓመታቸው ግድም ትምህርት ሲጨርሱ ወደ ወጥ ቤት ይመደባሉ፤ እናቶችም ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ሕፃናቱ በሁለትና በሦስት ዓመታቸው ወደ መዋያ ቤት ይላካሉ። ወንዱ የሳምንቱን ዐሥራ አንድ የጸሎት ጉባኤ ሳያጓድል ከእርሻውና ከፋብሪካው እየተመለሰ ወደ ተዘጋጀ ማዕድ መቀመጥ የቻለው እነዚህ ሴቶች ስለ ነበሩ ነው።

ከወጥ ቤት ውጭ ከተነሡት ሥዕሎች መካከል የትምህርት ቤቱን ልጆች የሚያሳዩት ያስደስቱኛል፤ በአማና ትምህርት ቤት ወንዱም ሴቱም ልጅ ሹራብ መሥራት ይማር ነበርና፣ ወንዶች ልጆች መርፌና ክር ይዘው ሲታዩ ያለ ምንም ኀፍረት ነው።

ፎቶግራፉ ሁሉን ይናገራል ማለቴ ግን አይደለም። ጋብቻ በዚያ ማኅበር እንደ መንፈሳዊ ድካም ይቈጠር ስለ ነበር፣ ያገባ ሰው በጸሎት ቤት ከነበረበት የመዓርግ ስፍራ ዝቅ እንዲል ይደረግ ነበር፤ ይህን ውርደት በሥዕል ላይ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ከአልዛስ የመጣችው ባርባራ ሃይነማን የቤት ሠራተኛ ሳለች የእግዚአብሔር አፍ ናት ተብሎ ቃሏ በክብር ሲጻፍ የኖረ ሴት ብትሆንም፣ በ1883 እስክታርፍ ድረስም ሆነ ከዚያ በኋላ የጋራው ኑሮ እስካበቃበት እስከ 1932 በሽማግሌዎች ጉባኤ የተቀመጠ ሴት አልነበረም፤ ይህም በሥዕል የሚታይ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሥዕሉ ከመጽሐፉ ጋራ ተያይዞ መነበብ አለበት። የምቃወመው ሥዕሉን ለመጽሐፉ ማስጌጫ ማድረግን ነው።

ዛሬ አማና ጎብኝ የሚጎርፍበት ስፍራ ነው፤ በ1965 የአገሪቱ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። የሴቶቹን ሥዕል «ደጉ ዘመን» በሚል ስሜት፣ እንደ አበባ ሥዕል በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ መስቀል የእነዚያን ሴቶች ድካም ወደ መልካም መዓዛ መለወጥ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ምድጃ ለምድጃ የዋለች ሴት ደጉ ዘመኗ ይህ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ከተመልካቹ ይጠበቃል። የጋራው ኑሮ ያበቃበት መንገድም የድካማቸውን ልክ ያሳያል፤ በ1923 እሳት የዱቄት ወፍጮውንና የሱፍ ፋብሪካውን ክፉኛ ከጎዳ፣ በኋላም የዓለም የንግድ ውድቀት ከደረሰ ወዲያ፣ ሕዝቡ በ1932 በድምፅ ብልጫ የጋራውን ኑሮ ትቶ ሀብቱን ወደ አክሲዮን ማኅበር ሲለውጥ የጋራ ወጥ ቤቶቹ ተዘጉ፤ ወጥ ቤት ባልነበራቸው ቤቶችም ምድጃ መትከል ግድ ሆነ። የጋራው ሥርዓት በምን ላይ ቆሞ እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

እንግዲህ እነዚህን ሥዕሎች የሚያሳትሙና የሚያሳዩ ሰዎች ከሥዕሎቹ ግርጌ «የአማና ሴቶች በሥራ ላይ» ብለው ጽፈው ባያልፉ እወዳለሁ። ወጥ ቤቶቹ በዘመናቸው የሚታወቁት በኀላፊያቸው ሴት ቤተ ሰብ ስም ነበር፤ መንደሩ ሁሉ የሚበላበትን ቤት በዚያ ስም ይጠራ ነበር። ስሙ በታወቀበት ሥዕል ሁሉ የወጥ ቤቱ ስም፣ የኀላፊዋም ስም፣ የተቀረጸችበትም ሥራ ይጻፍ፤ ወይን ስትለቅም ከሆነ ወይን መልቀሟ፣ ጎመን ስትከትፍ ከሆነም ጎመን መክተፏ ይነገር።