ግድግዳም ጋቢ ይለብሳል



የዛሬው ንባባችን ስለ ቤት ብርድ ነው። በደሃና ደጋ ክረምቱ ሲወጣ ሰማዩ ይጠራል። ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይበርዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ የሚወርድበት ሌሊት አለ። ያን ጊዜ በአሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ አራስና ሕፃን፣ ሽማግሌና አሮጊት ይቸገራሉ። እሳት እናነዳለን። እሳቱ ሲጠፋ ቤቱ ወዲያው ይቀዘቅዛል። እንደገና እናነዳለን። እንጨቱም ያልቃል። እንጨት ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው የሚመጡት ደግሞ ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ታዲያ ሙቀቱ የት ይሄዳል?

በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው በስንጥቅ ነው። በድንጋዮቹ መካከል የነበረው ጭቃ በዝናብ ታጥቦ ወድቋል። በቀዳዳው ነፋስ ይገባል፤ ሙቀት ይወጣል። ማታ ኩራዝ አብርታችሁ፣ ከሣሩ ጣሪያ አርቃችሁ፣ ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ነበልባሉ ከተወዛወዘ እዚያ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ድንጋዩ ራሱ ነው። ድንጋይ ከውስጥ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ውጭ ያሳልፋል። እስቲ ጠዋት አንድ እጃችሁን ደጅ ባደረ ድንጋይ ላይ አድርጉ። ሌላውን እጃችሁን በጭድ ክምር ውስጥ አስገቡ። ሁለቱም በአንድ ብርድ አድረዋል። ድንጋዩ ግን እጅ ያቀዘቅዛል፤ ጭዱ ይሻላል። ለምን? በጭዱ መካከል የታሰረ አየር አለ። የታሰረ አየር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ጋቢም እንዲሁ ነው። ጋቢ የራሱ እሳት የለውም። አየር ይዞ የእኛን ሙቀት ያቆይልናል እንጂ።

እንግዲያው ለግድግዳውም ጋቢ እናልብሰው። የግድግዳ ጋቢ ጭድ የበዛበት የጭቃ ምርጊት ነው። ከውጭ በኩል ይመረጋል። ከውጭ ከተመረገ ድንጋዩ ከውስጥ ይቀራል። ማታ ከምድጃው የተቀበለውን ሙቀት ሌሊቱን ቀስ እያለ ይመልስልናል። ሰቆጣ አጠገብ ያለውን ከአለት የተፈለፈለ የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ወፍራም አለት ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ይዘገያል።

ሥራው መቼ ይሠራ? መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መልካም ነው። ዝናቡ አልፏል፤ ውሃው ገና ቅርብ ነው፤ አጨዳውም ገና አልበረታም። ጭዱስ? ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ ከከብቱ አፍ አንቀማም። ከአውድማው ሥር ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ የቀረውን እንጠቀም። የጤፍ ጭድ ደቃቅ ስለሆነ ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል። የገብስ ጭድም ተከትፎ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የሚጣበቅ አፈር አምጥተን ድንጋዩን እንለቅማለን። ውሃና ጭድ ጨምረን በእግራችን እናቦካለን። እንዳይደርቅ እየሸፈንን፣ ውሃ እያከልን አንድ ሳምንት ያህል እናቆየዋለን። ጭዱ ሲለሰልስና ጭቃው ሲሸት ደርሷል።

2. በግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ መርገን እንሞክራለን። ሲደርቅ ከተሰነጠቀ ጭድ እንጨምራለን። በእጅ ሲታሽ ከረገፈ የሚጣበቅ አፈር እንጨምራለን።

3. የላላውን አሮጌ ጭቃ ከግድግዳው እንጠርጋለን። ግድግዳውን ውሃ እንረጨዋለን። ስንጥቁን በትንንሽ ድንጋይና በጭቃ እንደፍናለን። ስንጥቅ ሲደፈን ትኋንም መደበቂያ ያጣል።

4. ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ምርጊት እንመርጋለን። ሲደርቅ ሁለተኛውን እንደግማለን። አንድ ጊዜ አወፍረን ብንመርገው ይወድቃል።

5. በመጨረሻ በተነፋ አፈርና በእበት እንለቀልቀዋለን።

ሥራው ለአንድ ቤተሰብ ይከብዳል። በደቦ ከሆነ ግን ይቀላል። ዛሬ የእኔን ቤት፣ ነገ የአንተን፣ ከነገ ወዲያ የእሷን።

አንድ ነገር እንዳንረሳ። የረጠበ ጋቢ ያሞቃል? አያሞቅም። የረጠበ ግድግዳም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ምርጊቱ መሬት አይንካ። ከታች አንድ ስንዝር ድንጋዩ ባዶውን ይቅር። ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቦይ ይቆፈር። የጣሪያው ክፈፍ አንድ ክንድ ያህል ወጣ ይበል። በጭቃ በተሠራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለጠፍም አይበጅም። ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር አይስማማም፤ ይሰነጠቃል፤ የገባውን እርጥበትም ውስጥ ያፍነዋል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገር። እኛ ራሳችን አንድ ጊዜ ተሳስተናል። ቤታችንን መርገን ደስ ስላለን የጢስ መውጫውንም ደፈንነው። ቤቱ ሞቀ። ነገር ግን ልጆቻችን ዓይናቸው እየቀላ፣ እየሳሉ አደሩ። በማግስቱ መውጫውን መልሰን ከፈትን። ሙቀት ፈልገን ጢስ ማስቀረት ትርፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙ ሕፃናት ይገኙበታል።

ስለዚህ ስንጥቁን እንድፈን፤ የጢስ መውጫውን ከላይ እንተው። ቢቻል ማዕድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ። ከሰል ያለበትን ምድጃ መኝታ ቤት አስገብተን በፍጹም አንተኛ። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ቤቱ በደንብ በተመረገ መጠን ይህ አደጋ ይብሳል።

ጭድን ለግድግዳ ያዋልነው እኛ ብቻ አይደለንም። የጥንት ግብፆች ከጭድና ከጭቃ ጡብ ይሠሩ ነበር። በአሜሪካ ነብራስካ በሚባል አገር እንጨት ያጡ ገበሬዎች ከመቶ ዓመት በፊት የታሰረ ጭድ ደራርበው ግድግዳ አቁመዋል። በዛሬዎቹ ብርዳማ አገሮችም ሰዎች አሮጌ ቤታቸውን ከውጭ በወፍራም ልባስ ይሸፍናሉ። ልባሱ ይለያያል፤ ነገሩ አንድ ነው፤ አየር ማሰር።

አንብበን እንወያይ፦

ሀ. በቤታችን ነፋስ የሚገባው በየት በኩል ነው?
ለ. የጢስ መውጫችን ክፍት ነው ወይስ ተደፍኗል?
ሐ. በመንደራችን በቅድሚያ ሊመረግ የሚገባው የማን ቤት ነው? አራስ ያለችበት ወይም ረዳት የሌለው ሽማግሌ የሚኖርበት ቤት የቱ ነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ስትመልሱ የደቦውን ቀንም አብራችሁ ቁረጡ። በደኅና ሰንብቱ።