ሁለቱም መቶ፣ ግን አንድ አይደሉም

የአክስቴ ልጅ ስታገባ ቪዲዮ የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። ካሜራዬ አራት ኬ ሲቀርጽ ቢትሬቱ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ለሰርጉ ብዬ የገዛሁት ሚሞሪ ካርድ ላይም በትልቁ 100 ተጽፎበታል። «ካሜራው መቶ ሜጋ፣ ካርዱም መቶ ሜጋ፤ ልክክ ይላሉ» ብዬ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ሙሉ ያለ ችግር ሠራ። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የአያታችንን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ ግን ካሜራው «የካርዱ ፍጥነት አይበቃም» የሚል መልእክት አሳይቶ ቀረጻውን አቆመ። እንደገና እስካስነሳው ድረስ አያታችን መርቀው ጨርሰዋል። ከአገር ቤት ድረስ የመጡት ለዚያች ቀን ነበር። ምርቃታቸው ዛሬ በቪዲዮ የለም።

ካሜራው አልተበላሸም፣ ካርዱም ሐሰተኛ አልነበረም። ያሳሳተኝ «ሜጋ» የምትለዋ ቃል ናት።

እኛ ሁሉንም ነገር «ስንት ሜጋ ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ የኢንተርኔት ጥቅሉንም፣ የስልኩን ካሜራም፣ የፋይሉን መጠንም፣ ፍጥነቱንም። ሜጋ ማለት ግን ሚሊዮን ማለት ብቻ ነው። የምን ሚሊዮን? የቪዲዮ ቢትሬት የሚለካው በቢት ነው፤ የካርድ ፍጥነት ደግሞ በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የካሜራዬን 100 ሜጋቢት ለ8 ስናካፍለው በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ይሆናል።

«ታዲያ 100 ሜጋባይት የሚለው ካርድ እንዴት 12.5 ያቅተዋል?» ትሉ ይሆናል። ሁለተኛው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ካርዱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው የንባብ ፍጥነት ነው፤ ማለትም ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ የሚጠቅመን። ካሜራው የሚፈልገው ግን ካርዱ ያለማቋረጥ ሲጽፍ ከዚህ በታች አልወርድም ብሎ ዋስትና የሚሰጥበትን ፍጥነት ነው። እሱ የሚጻፈው በጥቃቅን ምልክት ነው። የእኔ ካርድ የሲ ፊደል ውስጥ 10፣ የዩ ፊደል ውስጥ ደግሞ 1 ነበረበት። የሁለቱም ትርጉም በሰከንድ 10 ሜጋባይት ነው። ከዚያ በላይ ቢጽፍ እሰየው፤ ዋስትናው ግን 10 ነው። ፍጥነቱ ከ12.5 በታች ሲወርድ ያልተጻፈው መረጃ ካሜራው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ለጊዜው የሚያቆይበት ቦታ ይሞላል፣ ቀረጻው ይቆማል።

ለቪዲዮ የምታዩት ምልክት በላቲን ፊደል የተጻፈው ቪ ነው። ከጎኑ ያለው ቁጥር ዋስትናውን በሜጋባይት ይነግራችኋል። ቪ30 ማለት 30 ሜጋባይት፣ ማለትም 240 ሜጋቢት ነው። ዩ3 የሚለውም ያንኑ 30 ይሰጣል። ለ100 ወይም ለ200 ሜጋቢት ካሜራ ይህ ይበቃል። እንደ ፓናሶኒክ ጂኤች5 በ400 ሜጋቢት መቅረጽ የሚችል ካሜራ ካላችሁ 50 ሜጋባይት ስለሚያስፈልግ ቪ60 ግዙ። ኤ1 እና ኤ2 የሚሉት ምልክቶች ካርድ ላይ አፕ ለማስኬድ የወጡ ናቸው፤ ለቪዲዮ ብላችሁ አትክፈሉባቸው። ለ100 ሜጋቢት ካሜራ ቪ90 መግዛትም ምስሉን አያጠራውም። በዚያ ገንዘብ ሁለተኛ ካርድ ያዙ፤ ምክንያቱም በ100 ሜጋቢት አንድ ሰዓት ቀረጻ 45 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ባለ 64ቱ ካርድ 85 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው።

ጥፋቱ ትልቁን ቁጥር በትልቁ የሚጽፉት አምራቾች ነው የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ግን የእኛም ድርሻ አለበት። በላቲን ፊደል ቢትና ባይት ሲያጥሩ ልዩነታቸው ትንሿና ትልቋ ቢ ናት፤ ዓይን በቀላሉ ይስታታል። በእኛ ፊደል ግን አንዱ «ቢ»፣ ሌላው «ባ» ነው፤ የሚያምታታ ነገር የለውም። ፊደላችን የሰጠንን ይህን ጥራት «ሜጋ» ብለን ቆርጠን የምንጥለው ራሳችን ነን።

ስለዚህ አፕ የምትሠሩና የምትተረጉሙ ወገኖቼ፣ ገጻችሁ ላይ «ሜጋ» ብቻ አትጻፉ። ሜጋቢት ወይም ሜጋባይት በሉ፤ ቦታ ከጠበበ ሜ.ቢ. እና ሜ.ባ. ይበቃል። ካሜራ የምትይዙ ደግሞ አዲስ ካርድ ይዛችሁ በቀጥታ ሰርግ ቤት አትሂዱ። በከፍተኛው ቢትሬት ካርዱ እስኪሞላ ቤት ውስጥ ቅረጹ፤ ከዚያ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ደቂቃ ከፍታችሁ እዩ። 256 ጊጋባይት ተብሎ ውስጡ ጥቂት የሆነ ሐሰተኛ ካርድም የሚጋለጠው በዚህ ነው።

ሱቅ ስትገቡም «ስንት ሜጋ ነው?» አትበሉ። «ያለማቋረጥ ሲጽፍ ዝቅተኛ ፍጥነቱ ስንት ሜጋባይት ነው?» በሉ። ሻጩ ግራ ከተጋባ ካርዱን ገልበጥ አድርጋችሁ ቪዋን ፈልጉ። እኔ ይህን ጥያቄ ያወቅኩት ምርቃቱ ካለፈ በኋላ ነው።