ሎጉን አታጥፉት

«የኦዞኑ ጉዳይማ አለቀ እኮ!» ስለ አየር ንብረት ወሬ በተነሳ ቁጥር ይቺን የሚወረውር ሰው አይጠፋም። አገሮች ሞንትሪያል ላይ ተሰበሰቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ፈረሙ፣ ችግሩ ተፈታ፤ በቃ። እኔ ግን ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝና «አለቀ» የሚለው ቃል ያስፈራኛል።

ለምን መሰላችሁ? የሆነ ጊዜ የምሠራበት ቡድን ሲስተሙን የሚከታተለውን ሰርቨር ዘጋው። ወራት ሙሉ አንድም ማስጠንቀቂያ አልላከማ! «ዝም ለሚል ነገር ለምን እንከፍላለን?» ተባለ፤ እኔም ደግፌያለሁ። ብዙም ሳይቆይ የዳታቤዙ ባክአፕ ቆመ። ያወቅነው ባክአፑን በፈለግንበት ቀን ነው። የሦስት ሳምንት ዳታ እንደወጣ ቀረ።

ወደ ኦዞኑ ልመለስ። ሲኤፍሲ-11 ፎም ለመሥራት ሲያገለግል የኖረ ጋዝ ነው። ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የፀሐይ ጨረር ሲሰብረው የሚለቀው ክሎሪን ኦዞኑን ይበላል። ከ2010 ጀምሮ ምርቱ በመላው ዓለም ተከልክሏል፤ አገሮች በሚያቀርቡት ሪፖርት ላይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር። ወረቀቱ ንጹሕ ነው።

አየሩ ግን ሌላ ይናገር ነበር። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖአ፣ ከሃዋይ እስከ ደቡብ ዋልታ ድረስ እኛው የምንተነፍሰውን የታችኛውን አየር በጠርሙስ እያስቀዳ ለአሥርት ዓመታት ሲለካ ኖሯል። ያኔ የሚፈለገው ከትሪሊዮን ሞለኪውል ውስጥ 230 ገደማው ነበር! ይህ ጋዝ አየር ላይ በአማካይ 50 ዓመት ያህል ስለሚቆይ፣ ማንም ካልጨመረበት በሚገመት ፍጥነት መቀነስ አለበት። በ2018 ስቲቨን ሞንትዝካና ባልደረቦቹ ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ግን ከ2012 በኋላ የመቀነሱ ፍጥነት በግማሽ ያህል እንደወረደ አሳየ። የሆነ ቦታ ሪፖርት ያልተደረገ ምርት አለ ማለት ነው።

በዓመቱ፣ በደቡብ ኮሪያና በጃፓን ደሴቶች ላይ ያሉ ሁለት ጣቢያዎች የለኩትን ከነፋሱ አመጣጥ ጋር ያገናኙ ተመራማሪዎች ቦታውን ጠቆሙ፦ ምሥራቅ ቻይና፣ በተለይ ሻንዶንግና ሄቤይ። ከጭማሪው ከ40 እስከ 60 በመቶው ከዚያ ነበር። ነገሩ አደባባይ ከወጣ በኋላ ልቀቱ ተመልሶ እንደወረደ በ2021 የታተሙ ጥናቶች አረጋገጡ።

«ታዲያ ስምምነቱ ከንቱ ነው?» አላልኩም። ክልከላው ባይኖር ያ ቁጥር ክስ አይሆንም ነበር። ቁጥሩ ባይኖር ደግሞ ክልከላው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ይሆን ነበር። እኛ የምናጨበጭበው ግን ለፈራሚዎቹ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ጠርሙስ የሚሞላውን ሰው ማን ያውቀዋል?

ይህ የስሜት ጉዳይ አይደለም፤ የበጀት ጉዳይ ነው። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ለቀጣዩ ዓመት ያቀረበው የበጀት ሐሳብ የኖአን የምርምር ክፍል የሚያስቀርና የሃዋዩን ማውና ሎአ ጣቢያ የሚዘጋ ነበር። «ለምን እንከፍላለን?» የሚለው የኛው ቡድን ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚጠፋው የሦስት ሳምንት ዳታ አለመሆኑ ነው።

«የአሜሪካኖች ጣጣ ነው» የምትሉም አትቸኩሉ። ስምምነቱን የዓለም አገሮች ሁሉ ተቀብለውታል፤ እኛም አለንበት። የቀረው ጭማሪ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር ያልተቻለው አብዛኛው የምድር ክፍል በቅርብ የሚለካው ጣቢያ ስለሌለው ነው። የኛም አህጉር ሰፊ ክፍል እዚያ ውስጥ ነው። ፈርመናል፤ የምንለካው ግን በሰው ዓይን ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። መጠርጠር ደግሞ በባዶ እጅ አይሆንም፤ መሣሪያ፣ ደመወዝና ለዓመታት አሰልቺ ሥራ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። ለዚህ ገንዘብ የለም የሚል ባለሥልጣን ሲያጋጥማችሁ ዝም አትበሉት። ዛሬ ያልተቀዳ አየር ነገ አይቀዳም።